የዩለሱ ባላባት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አጠገብ ያለው ቤተ መጻሕፍት ድምፅ አልባ ፊልሞችን በካሴት ያሳያል። እንግሊዝኛ የከበደን ስደተኞች ሁሉ እንሄዳለን።

አንድ አዛውንት ሁልጊዜ ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውን ጽሑፍ እንደምንም ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ። ኮታቸው ያረጀ ነው፣ ጫማቸው ግን እንደ መስታወት ያበራል። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለችው ዩለስ ከተማ ይኖራሉ፤ እዚያው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ይገፋሉ። ተቀምጠውም እጃቸው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ አይለቅም። ቤታቸው ገብተን ግድግዳው ላይ ያለውን የባለካባ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ያየን ሁሉ "የባላባት ልጅ" እንላቸዋለን። አይደለሁም ብለው አያውቁም።

የዛሬው ፊልም ስለደኸየ ቤተሰብና ስለከበረ ዘበኛቸው ነው። እመቤቲቱ የዘበኛውን በር አንኳኩ። ዘበኛው ሊከፍት ሲጣደፍ ምንጣፉ ጠልፎት ተዘረረ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው አልሳቁም።

"ምን አላቸው?" አሉኝ።

"'ይግቡ እመቤቴ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው' ነው የሚለው።"

"እኔም የትልቅ ሰው ዘበኛ ነበርኩ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ። "ጌታዬ ሞቱ። ደርግ ቤቱን ወረሰና ለእኔ ሰጠኝ። አንድ ቀን እመቤቴ በእግራቸው መጡ። ሌላ ምንም አልፈለጉም፤ 'የባሌን ፎቶግራፍ ብቻ ስጡኝ' አሉ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ለሠራተኞቼ 'የለም በሏቸው' አልኩ።"

"ፎቶግራፉስ የት ደረሰ?"

እጃቸው ወንበሩን ለቀቀ።

"አይተኸዋል እኮ፣ ልጄ። ዩለስ፣ ግድግዳዬ ላይ።"