የጆንያው ስኳር

ሰሞኑን ለሕክምና ወልድያ ሄጄ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አንዲት ወጣት ጋሪ እየገፋች ስትሸምት አየሁ። ዘይቱ በካርቶን፣ ሳሙናው በካርቶን። ልቤ ጅዳ ደርሶ ተመለሰ።

በወጣትነቴ ጅዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም አስቤዛ የምትገዛው በወር አንዴ ነበር። ለእጅ ሌላ፣ ለወለል ሌላ፣ ለልብስ ሌላ ሳሙና ነበራት። እኛ ግን እዚህ መርሳ ከተማ አንዱን ሳሙና ለሁለት አስቆርጠን ለገላም ለልብስም እናደርገዋለን፤ ዘይት የምናስቀዳው በሽሮፕ ጠርሙስ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የዕቃ ክፍሏን ስከፍት አፌን ይዤ እቀር ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ግን የጎደለው ጎረቤት ያን ቤት አንኳኩቶ አያውቅም። ማን ምን ጎድሎት!

እናቴ የሞተችው እዚያ ሳለሁ ነው። ስመለስ የማሽላው እሸት ደርሶ፣ ብርቱካን ሻጮቹ የሚኒባሱን መስኮት ከበው ይጯጯሁ ነበር። ቤቴ ግን ጭር ብሏል። ሰው ማየት አስጠላኝ፤ "አይዞሽ" ሲሉኝ ይብስብኛል። ስለዚህ እንደ ማዳም ላድርግ አልኩና፣ ወር ሙሉ ከቤት ላለመውጣት ስኳር በጆንያ፣ ዘይት በካርቶን፣ ሩዝና ዱቄት ገዝቼ በአህያ ጋሪ አስጭኜ ገባሁ። በሬንም ቀረቀርኩ።

ለካ በእኛ አገር በጆንያ የሚገዛ ደጋሽ ብቻ ነው። ጅዳ ይህን አስረስታኛለች።

በማግሥቱ ማለዳ በሩ ተደበደበ። ጎረቤታችን እትዬ ከድጃ ትልቅ ድስት ተሸክመው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሴቶቹ እንጨትና ወንፊት ይዘዋል።

"ዘሀራ፣ የናትሽን ሰደቃ ብቻሽን ልታወጪ ነው?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በይ! ጋሪው ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። እሳቱን የት እናንድደው?"

ለራሴ ነው የገዛሁት የሚለው አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

"ጓሮ" አልኳቸው።

ሩዙ ተለቀመ፣ ዱቄቱ ተቦካ፣ የእትዬ ባል ፍየል እየጎተቱ መጡ። ዱዓው ላይ "አላህ ይርሐማት" ሲባል፣ ጅዳ ሆኜ ያላለቀስኩት ሁሉ ገነፈለ። እትዬ ከድጃ አይዞሽ አላሉኝም። ቢላዋና ሽንኩርት አቀበሉኝ።

የተረፈውን ለየድሃው ቤት አከፋፈልነው፤ ለእኔ ለሻይ እንኳ ስኳር አልቀረም። በነጋታው እፍኝ ልዋስ እትዬ ቤት ሄጄ፣ እዚያው ስንጫወት ዋልን።

ዛሬ እትዬ የሉም። ከነዚያ ሴቶችም አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። የእህቴ ልጅ ከሪያድ ይደውልና፣ "አክስቴ፣ ለምን በየቀኑ ሱቅ ይመላለሳሉ? የወሩን ባንዴ ላስገዛልዎት" ይለኛል። እሺ እለዋለሁ፤ ግን አላስገዛም። ጠዋት ጠዋት ለሩብ ኪሎ ስኳር እወጣለሁ። ባለሱቋ እየመዘነች "እንዴት አደሩ?" ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ከሰው አፍ የምሰማው እሱን ብቻ ነው።