ጋሼ ሽፈራው ከእኔ የገዙት አክሲዮን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤት ራት እየበላን ቴሌቪዥኑ ስለ አክሲዮን ገበያ ያወራ ነበር። አንድ ባለሙያ ቀርበው፣ አንድ ድርጅት ሌላውን ሊገዛ ሲል ወሬውን ከውስጥ ሰምቶ ቀድሞ አክሲዮን የሚሰበስብ ሰው እንደሚታሰር አስረዱ። "ሌባ ነዋ!" አለች ልጄ።  እኔ ግን እንዲህ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፤ ያውም ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን።

ያኔ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅጅጋ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከከተማው ነጋዴዎች ጋር ሆነው አንድ የጭነት መኪና አክሲዮን ማህበር አቋቁመዋል፤ መኪኖቹ ከደወሌ እስከ ደገሀቡር እህልና ሲሚንቶ ያመላልሱ ነበር። አባቴ ሲሞት ድርሻው ለእኔና ለወንድሜ ለዮናስ ተከፈለ። የቀረውን የአባትነት ሥራ የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ሽፈራው ያዙት። ዮናስን መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በረመዳን ከሱቃቸው ፊት ለፊት ሳምቡሳ ሲጠበስ፣ ትኩሱን በጋዜጣ ጠቅልለው እኛ የማንጾመው ልጆች ቤት ይዘው ይመጡ ነበር። የማህበሩ የቦርድ አባልም ነበሩ።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት መክፈት አማረኝ። ድንበር ላይ ያለችው ቶጎጫሌ ሄጄ ማሽን አየሁ። ወቅቱ ደረቅ ነበር፤ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የግመል ወተት ከያዙ ሴቶች መሀል ተጨናንቄ፣ ጥርሴ ድረስ አቧራ ገብቶ በቀጥታ ጋሼ ሱቅ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ ድርሻዬን መሸጥ እፈልጋለሁ።"

 የወተት ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም አልተዉትም።

"ትንሽ ብትቆዪስ?"

"ለምን?"

"እንዲሁ ነው።"

"ማሽኑን ሰው ይወስድብኛል። ገዢ ይፈልጉልኝ።"

"ሌላ ሰው ከሚገዛው እኔ ልግዛው" አሉ በመጨረሻ። ዋጋቸውም ሌላው ከሚሰጠው ሻል ያለ ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ።

ዝናቡ ሳይገባ ወሬው ፈነዳ። አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ድርጅት ማህበሩን ጠቅልሎ ሊገዛ ነው ተባለ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ዮናስ አዲሱ ሱቄ ገብቶ ጮኸ።

"ያውቁ ነበር! ቦርዱ ሲመክርበት ከርሟል!"

"ቆዪ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ቆዪ ማለትና መንገር አንድ ነው?"

አንድ አልነበረም። ለካስ ጋሼ ደገሀቡር ከምትኖር ባሏ የሞተባት ሴትም ድርሻ ገዝተዋል። እሷን ቆዪ ማለታቸውን የሰማ የለም። አቶ አብዲ የሚባሉ ጠበቃ እኔንና እሷን ወክለው ጋሼን ከሰሱ። እኔ አልፈለግኩም ነበር፤ ዮናስ ጎትጉቶ አስፈረመኝ።

"ዝም ማለት ብቻውን ማታለል አይባልም" አሉኝ አቶ አብዲ ረጋ ብለው። "በሻጭና በገዢ መካከል የተለየ መተማመን ካለ ግን ዝምታውም ማታለል ነው፤ ውሉ ይፈርሳል።"

"ታዲያ እኔ ምን ልበል?"

"እውነቱን። ምንሽ እንደሆኑ ብቻ ተናገሪ።"

የችሎቱ አዳራሽ በቆርቆሮ የተከደነ፣ የሚያፍን ነበር። ዳኛው ያንኑ ጠየቁኝ። ጋሼ ለአባቴ ቀብር የለበሱትን ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ናቸው ብል ይድናሉ። እወዳቸዋለሁ ብል ይሸነፋሉ። ሰው የሚወደውን ሰው ለማትረፍ እንዴት አልወደውም ይላል? 

"አባቴ ናቸው" አልኩ። "የምደብቃቸው ነገር የለኝም። እሳቸውም የሚደብቁኝ አይመስለኝም ነበር።"

ጠበቃቸው ሊቃወም ሲነሳ ጋሼ ክንዱን ያዙት።

"ተወው፤ እውነቷን ነው።"

በዚያች ቃል ተረቱ። የእኔ ውል ፈረሰ፤ ድርሻዬ ተመለሰልኝ። የደገሀቡሯ ሴት ግን ከጋሼ ጋር የተለየ ቅርበት የላትም ተብሎ ክሷ ውድቅ ሆነ። ጋሼ እንደ ልጅ ያቀረቡኝን እኔን ካሱ፤ የማያውቋት ሴት ባዶ እጇን ደገሀቡር ተመለሰች። ቆይቶ ዐቃቤ ሕግም የማህበሩን ምስጢር ለግል ጥቅም አውለዋል ብሎ ከሰሳቸው። እስራት ተፈረደባቸው፤ በገደብ ለቀቋቸው፤ ከቦርዱም ተባረሩ።

ይህ ፍርድ የተሰማ ቀን የፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"ማሽኑ ይሠራል?" አሉኝ።

"ይሠራል። ጋሼ፣ ቆዪ ካሉኝ በኋላ ለምን ራስዎ ገዙት?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ምስጢሩን እንዳላወጣ ምያለሁ። ለባዳ ከሚሄድ ብዬም ይሆናል። ስስትም ይሆናል። አሁን እኔም አልለየውም።"

ዛሬ ሕጉ መጥበቁ ደስ ይለኛል፤ ያኔ እንዲህ ጠብቆ ቢሆን ያቺ ሴትም ትካስ ነበር። ጋሼን ግን እስር ቤት ውስጥ ላስባቸው ብል አይሆንልኝም፤ ንጹሕ አድርጌ ላስባቸውም አልችልም። ሲሞቱ ጅጅጋ ሄጄ ከሴት ልጆቻቸው ጋር ተቀምጬ አልቅሻለሁ። ያለቀስኩት ቆዪ ላለኝ ሰው ይሁን፣ ሳይነግረኝ ድርሻዬን ለገዛው፣ እስካሁን አላውቅም።