የባለቤቷ እርምጃ

በቤተ መጻሕፍቱ የኮምፒውተር ክፍል ሁልጊዜ ከጎኔ የምትቀመጥ ሴት አለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የሹራቧ ክርን ተጥፏል፤ ገና ስትቀመጥ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር ታወልቃለች።

እኔ በፕሮግራም ሥራ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሆኖም ለራሴ ቁጥር እየሰበሰበ በግራፍ የሚያሳይ የመረጃ ማስቀመጫ ልሥራ ብዬ ሦስት ሳምንት ስለፋ አንዲት ግራፍ እንኳ አላወጣሁም። እሷ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን ቁጥር አይታ አንድ ተራ ፋይል ላይ ትጨምራለች። ከዚያ ራሷ የጻፈቻትን አሥር መስመር የማትሞላ ፕሮግራም ታስነሳለች። ዓይን ሳይርገበገብ ግራፉ ድቅን ይላል፤ እሷም ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። እኔ ደግሞ እቀናባታለሁ።

ትናንት አላስቻለኝም።

“ይቅርታ እትዬ፣ የምን ቁጥር ነው?”

“የባለቤቴ እርምጃ ነው። ከታመመ ወዲህ እንደ ሕፃን ከዳዴ ነው የጀመረው። ዛሬ አሥራ አራት ተራመደ።”

መሃል ላይ የግራፉ መስመር ዘጭ ብሏል። ስህተት ባገኝባት ደስታዬ ነበርና ጣቴን ቀሰርኩ።

“እዚህ ጋ ዜሮ ይላል። ተሳስተሽ ይሆናል።”

“አልተሳሳትኩም ልጄ። ያን ቀን ተኮራርፈን አልነሳም ብሎኝ ዋለ።”

እየሳቀች ፋይሉን አስቀመጠች፤ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ወደ ራሴ ስክሪን ዞርኩ። የመረጃ ማስቀመጫዬ ተሠርቶ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ምን እንደማስገባበት ግን አስቤ አላውቅም ነበር።