ንብ ጥቁር አይወድም

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከአቃቂ ተነሣሁ። ከኮዬ ፈጬ ባሻገር ባለች የገበሬ መንደር፣ ለሴቶች ንብ ማነብ እንዳሳይ ተጠርቼ ነው። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በግቢዬ አራት ቀፎ አለኝ፤ የማውቀውም ከእነሱ የተማርኩትን ነው።

እስከ ኮዬ ፈጬ በሚኒባስ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ የንብ ማጨሻዬን አይቶ፣ "እማማ፣ ወናፍ ይዘው ወዴት ነው?" አለኝ። ስነግረው ከሂሳቡ አሥር ብር ቀነሰልኝና ስመለስ ማር እንዳልረሳው አሳሰበኝ። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። አደይ አበባው ረግፏል፤ ማር የሚቆረጥበት ጊዜ ነው።

ረፋድ ላይ

ስምንት ሴቶች ሾላ ሥር ጠበቁኝ። በመንደሩ ማር ሲቆረጥ የኖረው ንቡን በእሳት አባርሮ፣ የማሩን እንጀራ አንድም ሳያስቀሩ በማውጣት ነው። በለስላሳ ጭስ መክፈትንና ለንቡ ቀለቡን መተውን አስረዳኋቸው። አንዷ፣ "ባሌ እንኳ ቀለቡን ሲጠይቅ እንዲህ አይከበርም" ብላ አሳቀችን።

ጫልቱ ብቻ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው፤ ሁለት ቀፎ ትቶላታል። ዛሬ ራሷ መቁረጥ ካልቻለች የባሏ ወንድም ቀፎዎቹን ወደ ግቢው ሊወስድ ነው።

አሥር ሰዓት

ፀሐይ ስትበርድ ወደ ጫልቱ ጓሮ ሄድን። ወንድምየው አጥሩን ተደግፎ ያያል። አንደኛውን ቀፎ ገና ስትከፍት ንቡ ጥቁር የሐዘን ቀሚሷ ላይ ተረባረበ። ወደ ኋላ ሸሸች።

"ንብ ጥቁር አይወድም። ሄደሽ ነጭ ልበሺ" አልኳት።

"እማማ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ነጭ ልልበስ? እርስዎ ይህን ይሉኛል?"

"እኔ አትችልም አላልኩም?" አለ ወንድምየው።

አፈርኩ። እኔም ባል የቀበርኩ ሴት ነኝ። ነጠላዬን አውልቄ ሰጠኋት።

"ጥቁሩን አታውልቂ። ይህን ከላይ አዘቅዝቀሽ ልበሺው።"

ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ እስከ ጉልበቷ ተሸፈነች። እንዲህ ለለበሰች ሴት ሐዘኗን ተወች የሚል የለም። ቀስ ብላ አጨሰች። ንቡ ረጋ። ሦስት የማር እንጀራ ቆርጣ የቀረውን ለንቡ ተወች።

ወንድምየው፣ "ሁለተኛውን መቼ ነው የምትቆርጪው?" አላት።

"ለሳምንት። አጥሬን ከምትደገፍ መጥተህ ታጨስልኛለህ።"

ቤቴ የገባሁት በሹራብ ብቻ ነው፤ ነጠላውን ለጫልቱ ትቼላታለሁ። እስከ ዛሬ ሳስተምር ንቡ ሲቆጣ መጀመሪያ የምለው "ነጭ ልበሱ" ነበር። ከእንግዲህ አስቀድሜ ከመካከላችሁ ሐዘንተኛ አለች ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።