አማቴና የስኳር ወረቀቱ

ይህ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ እኔ በታጨሁበት ዓመት ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ስለተጎዳሁ አይደለም፤ በዕድሜዬ ሰው ከመጠን በላይ ያከበረኝ በዚያ ሰበብ ስለሆነ ነው። ያለ አግባብ መከበር እንዴት እንደሚያስቸግር የደረሰበት ያውቀዋል።

ቤታችን ደሴ፣ ዛሬ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ ሞቶ የምንኖረው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። የታጨሁት ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ልብስ ለሚሰፋው ለሰይድ ነው። በዚያ ዘመን ልጅቷ ወደደች አልወደደች ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም እንጂ ቢጠይቁኝ ወድጄዋለሁ። አክስቴን ልጠይቅ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ ካየኝ፣ የምሄድበት ይጠፋኝ ነበር።

የአክስቴ ጎረቤት የአንድ ጣሊያን ልብስ አጣቢ ነበረች። እዚያ ቤት ያየችውን የወረቀት ጌጥ አሠራር ያሳየችኝ እሷ ናት። ወረቀቱ በቁራጭ በቁራጩ ይቀደዳል፤ ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ ትንሽዬ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ይወተፋል፤ ከዚያ በመርፌና በክር እየተሰካ ይንጠለጠላል። በቃ። እኔም ከዓረቡ ሱቅ ስኳር የሚጠቀለልበትን ሰማያዊ ወረቀት እየለመንኩ ማጠፍ ሆነ ሥራዬ።

የሰይድ እናት፣ እትዬ ዘሐራ፣ ሊያዩን እንደሚመጡ ሲነገረን እናቴ ዶሮ አሳረደች፤ እኔ ደግሞ ወረቀቴን ሰቀልኩ። ግድግዳችን ተሰነጣጥቆ ነበርና ስንጥቁን ልሸፍን ብዬ ዙሪያውን አንጠለጠልኩት። ከበሩ በላይ፣ ከመደቡ በላይ፣ በተለይ ደግሞ እንግዳዋ ከሚቀመጡበት በላይ። ቤቱ አማረ።

እትዬ ዘሐራ ገብተው፣ ሰላምታ ተለዋውጠን አረፍ አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እዚያው ቀረ።

«ሩቂያ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አሏት እናቴን።

እናቴ ደረቷ ተነፋ። «ልጄ ናት በእጇ የሠራችው፤ ማንም አላገዛትም። ይመጣሉ ሲባል ጊዜ ለእርስዎ ብላ ነው!»

«ለኔ ብላ?»

«ወላሂ ለእርስዎ! ለልጅዎም ሠርታ አስቀምጣለታለች።»

እትዬ ዘሐራ «ቢስሚላህ» አሉ። እናቴ ለምግቡ መስሏት ሞሰቡን ሳብ አደረገችላቸው። እሳቸው ግን ተነሡ። ከበሩ በላይ ካለው አንዱን በጥሰው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ምንም ሳይቀምሱ ወጡ። እኔ ሞኟ ጌጡ ደስ ብሏቸው የወሰዱት መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌያቸው አባ ይመር መጥተው ነገሩ መቅረቱን ነገሩን። እናቴ «ምን አጠፋን?» ብትላቸው በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«አንድ ሁለት ክታብ ለዓይን፣ ለበሽታ ይታሰራል፤ ደግ። ቤቱን በክታብ የምትሞላ ልጅ ግን ልጄን ምን ልታደርገው ነው? ብለዋል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሸሆቹ ጽፈው የሚሰጡት ክታብም እንዲሁ ተጣጥፎ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በክር ይሰፋል። አገሩ ሁሉ አንገቱ ላይ አስሮት ሲዞር እያየሁ አድጌ ልብ አለማለቴ!

ሰይድ ቀረ ብዬ እህል አልቀምስ አልኩ። ወሬው ግን ከእንባዬ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ጎረቤቶቻችን ይሸሹናል ስንል ጭራሽ ይመጡ ጀመር፤ አንዷ ላሟ አልታለብ ብላት፣ አንዷ ለጣሊያን መንገድ ሥራ የሄደው ባሏ አልመለስ ብሏት። እናቴ «የስኳር ወረቀት ነው፤ ምንም የለበትም» ብላ ትምላለች። እነሱም «እሺ እናቴ፣ እሱኑ ስጪን» ይላሉ።

አንድ ቀን እናቴ ራሷ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ስታጥፊው ምንም አላልሽበትም?» አለችኝ።

«አንጎራጉሬ ይሆናል» አልኳት።

ተነሥታ ራቅ ብላ ተቀመጠች። መራቋ ከአባ ይመር ቃል ይልቅ አስከፋኝ።

አባ ይመር እንደገና መጡ። በዚህኛው ጊዜ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። ደጃፍ ላይ ቆመው፣ እትዬ ዘሐራ ወረቀቱን ለአንድ ሸህ ወስደው እንዳስፈቱት፣ ውስጡ ከስኳር ሽታ በቀር ምንም እንዳልተገኘበት፣ ኒካሑም እንዲታሰር መፍቀዳቸውን ነገሩን። እውነቱ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ አልን። ተዳርኩ።

እትዬ ዘሐራን የመሰለች አማት ለማንም አልተሰጠች። አንድ ቀን ውሃ ቅጂ አላሉኝም። ዶሮ ከተሠራ ጥሩ ጥሩው ለኔ ይወጣል። ሌሎቹን ምራቶቻቸውን «አንቺ» ሲሉ፣ ከሁሉ ታናሿን እኔን «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። በኀፍረት መግቢያ አጣለሁ። ስላስከፉኝ ሊክሱኝ ነው እያልኩም ደግነታቸውን ለሰው ሁሉ አወራ ነበር።

ዓመታት አልፈው፣ እሳቸውም አርጅተው፣ አብረን ፀሐይ ስንሞቅ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያኔ ባዶ መሆኑን ባያዩ ኖሮ ሰይድን ይከለክሉኝ ነበር፣ አይደል?»

ደንገጥ ብለው አዩኝ። «የተጻፈበት ቢሆንማ ምን አስፈራኝ? የተጻፈውን ሌላ ሸህ ያፈርሰዋል። ሳይጻፍበት የሚሠራውን ማን ያፈርሰዋል? ሸሁ ባዶ ነው ብለው ሲስቁ እኔን ላብ አጠመቀኝ። እርስዎን አስቀይሜ ከምኖር ልጄን ልስጥ አልኩ። ይኸው፣ አውፍ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ወረቀት ብቻ እንደነበረ በአላህ ስም ማልኩላቸው። «እሺ፣ እንዳሉት» አሉ፤ እንዳይጣሉኝ።

ሰይድ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ የወደድኩትን አግብቻለሁ፣ ተከብሬ ኖሬያለሁ፣ ምን ጎደለብኝ። ግን እትዬ ዘሐራ ሌሎቹን ምራቶች ሲቆጡ ሰፈሩ ይሰማ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ አቅፈው ይስሟቸዋል፣ ጸጉራቸውን ይሠሯቸዋል። እኔን እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ዛሬም ሳስበው ይከፋኛል።