ሊማሊሞ ራስ ላይ ያላቆምኋት ሞተር

ዛሬ ጠዋት ጅልነቴን በአደባባይ አስመሰከርሁ። ከቤቴ በታች አንድ ባጃጅ አልነሳ ብሎ ሹፌሩ ሲታገል አየሁና፣ የጠራኝ ሳይኖር ዱላዬን ይዤ ወረድሁ። "ካንዴላዋ ነው፤ ፍታት" አልሁት። ፈታት። አሸተትኋት፣ በሸሚዜ ጠረግኋት፣ ስለ እሳት አሰጣጥ ረጅም ትምህርት ሰጠሁ። ሰውዬው በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አየ። ጠብታ የለም።

"አባባ፣ ካንዴላዋስ ደኅና ናት" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ መሰለኝ።

እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብሁ። የተቃጠለ ቤንዚን ሽታው ግን ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለ። እሱ ነው ይኸን ሁሉ የሚያስለፈልፈኝ።

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ጎማ ለጣፊ ነበርሁ። መካኒክ ነኝ ባዩ እኔ ራሴ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲለኝ አልሰማሁም። ሕዝቡ ዶክተር የሚለው የከተማችን ድሬሰር አንዲት እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ነበረችው። መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የተወለት ናት። ያኔም አሮጊት ነበረች። እኔ እጠግናታለሁ፣ ስለ ድካሜ ዳባት ድረስ ነድቻት እመለሳለሁ። ጧት ውርጩ ከገብሱ ላይ ሳይረግፍ፣ አስተማሪው ጓደኛዬ ከኋላዬ ተፈናጦ፣ ዱም ዱም እያለች ስትሄድ ውሻው ሁሉ ይከተለናል። ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ ቆሞ ድምጿን ሲሰማ፣ "መጣ ያ እብድ" ብሎ ተማሪዎቹን ያስቅ ነበር።

ካርቡራተሯ ውስጥ ቤንዚኑን የምትመጥን ቀጭን መርፌ አለች። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፤ ቤንዚኑም ያንሳል። ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራልና ከፍ ትደረጋለች። አለዚያ ሞተሩ ቤንዚን ተጠምቶ ይነድዳል። ድሬሰሩ አዲ አርቃይ በወረደ ቁጥር ሊማሊሞ ራስ ላይ አቁሞ መርፌዋን ሳያነሳ ቁልቁለቱን አይጀምርም። ሲመለስ እዚያው ቦታ ዝቅ ያደርጋታል። ተሳላሚ ነበር የሚመስለው።

አንድ ቀን ጓደኛዬን ከክፍል አውጥተው ቀበሌ አሰሩት። ምን አድርጎ እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም ያሳስር ነበር። ካድሬው ለእናቱ፣ "ነገ ስድስት ሰዓት ወደ ጎንደር መኪና ይነሳል። ከዚያ በፊት የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ዋስ ሆኖ ከፈረመ ውሰጂው" አላት። ወደ ጎንደር ከተጫኑት የተመለሰ አላየንም። ሊቀመንበር የሆነ አጎት ደግሞ አለው፤ አዲ አርቃይ።

ንጋት ላይ ድሬሰሩ ሞተሯን አወጣልኝ።

"ራስጌው ላይ አቁምና መርፌዋን አንሳት። እንዳትረሳ።"

"እርስዎ ደግሞ! መቼ ረስቼ አውቃለሁ?"

ሊማሊሞ ራስ ላይ ስደርስ አልረሳሁም፤ ይኸን ልብ በልልኝ። አስታወስሁ። ግን ሞተሯ እንደዚያ ቀን አምሮባት አታውቅም። ጉም ከገደሉ ሥር ይወጣል፣ እኔ እየቸኮልሁ ነው፤ አዲ አርቃይ ስደርስ አደርገዋለሁ ብዬ አለፍሁ።

አጎትየው በሬ ጠምደው ሊወጡ ሲሉ ደረስሁ። ነገሩን ሲሰሙ ካፖርታቸውን ሊለብሱ፣ ማኅተማቸውን ሊፈልጉ ገቡ። መርፌዋን ማንሳት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ መፍቻውም በኪሴ ነው። ምን ሳደርግ ቆየህ አትለኝም? ጠላ ቀድተውልኝ፣ ለተሰበሰበው ሰው ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ሳስረዳ ቆየሁ።

አጎትየው ከባድ ሰው ነበሩ። ሙቀቱ በርትቷል፣ አቀበቱ ገና መጀመሩ ነው። ድምጿ ሲቀጥን ሰማሁ። ቀጥሎ ትር አለችና የኋላ ጎማዋ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሁለታችንም አቧራው ላይ ተዘረጋን። ተነሥቼ፣ መካኒክ አይደለሁ፣ ሞቃ እንደሆነ ለማወቅ የሞተሩን ራስ በመዳፌ ያዝሁት። ቆዳዬ እዚያው ቀረ።

"በቅሎ አለችኝ ብልህ እንግሊዝ ይዘህብኝ መጣህ" አሉኝ አጎትየው፣ ካፖርታቸውን እያራገፉ። ቆይተው ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?" አሉ።

ሞተሯን ጥግ አስይዘን በእግር ወጣን። ኋላ አንድ የእህል መኪና ጫነን፤ ደባርቅ ስንገባ ስምንት ሰዓት አልፏል።

እናቱ ቀበሌው በር ላይ ተቀምጣለች። የምሳውን አገልግል እንደያዘች ናት። አጎትየው ማኅተማቸውን ጨብጠው ገብተው ወዲያው ወጡ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

"እስከ ሰባት አቆዩልኝ" አለች እናቱ። "ለምኜያቸው ነው። እሱ መኪናው ላይ ሆኖ፣ 'እማዬ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማሻል?' ይለኛል። አዎ አልሁት። ምን ልበለው?"

ጓደኛዬ አልተመለሰም። አስከሬንም መቃብርም አላየንም።

ሰው ሁሉ "አሮጌ ብረት፣ ምን ይደረግ" አለኝ። እኔም አሮጌ ብረት ነው አልሁ። ድሬሰሩ ብቻ ሞተሯ በመኪና ተጭና ስትመጣ ካርቡራተሯን ከፍቶ መርፌዋን አየ። መልሶ ዘጋው። ሞተሯን ከዚያ ወዲያ አላስነካኝም።

እናትየው ግን ያን ቀን እዚያው በር ላይ እጄን አየች። "ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ተቃጠልህ" አለችና ከነጠላዋ ጫፍ ከነጥለቱ አንድ ስንዝር ቀድዳ አሰረችልኝ። ቁስሉ ሲድን ጨርቁን የት እንደጣልሁት አላውቅም። እሷ ያችኑ ጫፏ የተቀደደ ነጠላ ለብሳ ዓመት በዓል ታነግሥ ነበር። አዲስ ልገዛላት ስንት ጊዜ ተነሣሁ መሰለህ። ግን ነጠላውን ይዤ ፊቷ ከተቀመጥሁ ስለ መርፌዋም መናገሬ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ ስል እሷ በሞት ቀደመችኝ። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ አንድ ስንዝር ጥለት አለብኝ።