የአልባስጥሮሱ ሕፃን

ወይዘሮ ሙሪየል ላርተር መቃብሩን ላስቲክ ያለበሱት በጥቅምት ነበር። የመኸር በዓሉ ዱባና የስንዴ ነዶ ከመሠዊያው ሥር እንደተነሣ፣ ከአቶ ዴዝሞንድ በረት የመጣውን ጥቁር ላስቲክ መቃብሩ ላይ ዘረጉት።

መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በደቡብ በኩል ሦስተኛው ዓምድ ሥር ነው። ባላባቱ የብረት ልብሱን እንደለበሰ በጀርባው ተንጋሏል፤ ሚስቱ አጠገቡ ናት። በክንዷ እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከአንድ ዳቦ የማይበልጥ ሕፃን አለ። ሦስቱም አልባስጥሮስ ከሚባለው ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ከተቀረጹ ስድስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ለባላባቱ ጎራዴ ብለው ከሩቅ የሚመጡ ነበሩ። ሕፃኑን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነበር።

ወይዘሮ ሙሪየል በሃያ ሁለት ዓመታቸው የወለዱት ወንድ ልጅ ሳያለቅስ ቀረ። ነርሷ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። ፊቱን አላሳየቻቸውም፤ የት እንደተቀበረም የነገራቸው የለም። በዚያን ጊዜ አይጠየቅም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ዝርዝር መሠረት፣ ቤተ ክርስቲያኑን የማጽዳት ተራ ደረሳቸው። ከዓምድ ወደ ዓምድ እየጠረጉ ሄደው ሕፃኑ ጋ ሲደርሱ መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። አፍንጫው ትንሽዬ ናት። ላይኛው ከንፈሩ ሊጠባ እንደተዘጋጀ ወጣ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ የሌሎችን ተራ ሁሉ እየወሰዱ ሃምሳ ምናምን ዓመት ጠረጉ። ምክንያቱን ባላቸው እንኳ ሳያውቁ ሞቱ።

ችግሩ የሌሊት ወፎቹ ነበሩ። ጣራውን ከተሸከሙት የእንጨት መላእክት ክንፍ ሥር ይኖራሉ፤ ሽንታቸው አልባስጥሮሱን ያዥጎረጉረዋል። የአገሩ ሕግ ደግሞ የሌሊት ወፍ እንኳን መግደል ማስበርገግም ይከለክላል።

"መላእክቱ ራሳቸው ያባርሯቸው፤ እኔ በእርጅናዬ እስር ቤት አልገባም" አሉ አቶ ዴዝሞንድ። አብሮ አደጋቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙትም እሳቸው ናቸው።

"አንተን ማን ያስርሃል! በሁለት ቀን ጓዳቸውን አራቁተህባቸው ያባርሩሃል።"

እየተሳሳቁ ላስቲኩን ባልና ሚስቱ ላይ እንዲሁ ጣል አደረጉት። ሕፃኑ ጋ ሲደርሱ ግን ወይዘሮ ሙሪየል ሌላ ቁራጭ አመጡ። ዳር ዳሩን ወደ ውስጥ እየወሸቁ፣ አንገቱ ሥር እያጠበቁ፣ ፊቱን ጭምር ጠቀለሉት።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ይታፈናል!" ብለው ቀለዱ አቶ ዴዝሞንድ።

"ብርድ ነው" አሉ ወይዘሮ ሙሪየል።

ላስቲኩ የተገለጠው ለፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። የባላባቱ ክርን ስለተሰነጠቀ፣ ሮዊና የምትባል ወጣት ድንጋይ ጠጋኝ ከከተማ መጥታ ነበር። ባላባቱ ደህና ነው። ሚስቱም ደህና ናት፤ ጉንጯ ብቻ ትንሽ ሻክሯል። የሕፃኑ ላስቲክ ሲፈታ ውሃ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ፊቱ የለም። ብዙ እጅ የታጠበበት ሳሙና መስሏል።

"ማነው እንዲህ የጠቀለለው?" አለች ሮዊና።

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ዴዝሞንድ ጣራ ጣራውን እያዩ። "ላስቲኩም የኔ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይዋሽም። እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ሙሪየል ወደ ሮዊና ዞረው።

ሮዊና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ወይዘሮ ላርተር፣ አልባስጥሮስ ውሃ ይፈታዋል፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ስኳር። ላስቲክ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ መልሶ ድንጋዩ ላይ ያወርደዋል። ባልና ሚስቱን ያተረፋቸው ላስቲኩ ላላ ስላለ ነው። እሱን ግን በጣም ስላጠበቁት..."

"ይጠገናላ?"

"ፎቶ ይኖራችኋል?"

የጎራዴው ፎቶ ነበር። የሚስቲቱ የራስ መሸፈኛም። ከሕፃኑ ግን በአንዱ ፎቶ ጥግ የእግሩ ጫፍ ብቻ ይታያል።

"እኔ አውቀዋለሁ፤ ልንገርሽ" አሉ ወይዘሮ ሙሪየል። "አፍንጫው ትንሽዬ ናት። ከንፈሩ ደግሞ... ከንፈሩ..." ጣታቸውን ወደ ገዛ ከንፈራቸው አስጠጉና እዚያው ቀሩ።

ሮዊና እርሳስ አውጥታ ጠበቀቻቸው። ከዚያ እርሳሷን ኪሷ ከተተች። "በቃል አይቀረጽም፣ እናቴ። ብቀርጸው ከራሴ የፈጠርኩትን ሕፃን ነው የምቀርጸው።"

"እሺ፣ አሁን በምን እንሸፍነው?"

"በምንም። መተንፈስ አለበት።"

"ወፎቹስ?"

"ለሚመለከታቸው እጽፋለሁ። መልሱ ግን ዘንድሮ የሚመጣ አይመስለኝም።"

ሮዊና ከሄደች በኋላ ወይዘሮ ሙሪየል ወለሉን ወለወሉ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስንት ዓመት ጨፍነው ያዩት ፊት ነበር፤ አሁን በጨፈኑ ቁጥር የሚመጣው ያ ሳሙና ነው። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ሳሙናው መጣ።

አመሻሽ ላይ አቶ ዴዝሞንድ ሊዘጉ መጡ። በሩ ላይ ወይዘሮ ሙሪየል የአቶ ዴዝሞንድን እጅጌ ያዙ።

"ዴዝሞንድ፣ ከንፈሩ እንዴት እንደነበረ ትዝ ይልሃል?"

"የማን?"

ወይዘሮ ሙሪየል ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከመላእክቱ ክንፍ ሥር መንኮሻኮሽ ተጀምሯል።

"የባላባቱ" አሉ።

"ምን ነካሽ፣ እሱማ ጢሙ ሸፍኖት! ማን ከንፈሩን አይቶ ያውቃል?" አሉ አቶ ዴዝሞንድ፤ ይስቁልኛል ብለው የወይዘሮ ሙሪየልን ፊት ሲያዩ ቆዩና፣ ቁልፉን አዞሩት።